በአባቴ ምንሽር ውስጥ የተጋገረው መዳብ

አባቴ ጅቡን ለሁለተኛ ጊዜ የሳተ ዕለት ጠመንጃውን እንደ ወትሮው ግድግዳው ላይ አልሰቀለውም። መደቡ ላይ ጣል አደረገውና ጀርባውን ሰጥቶት ተቀመጠ፤ ጋቢውንም እስከ አፍንጫው ሳበ። እኔ ምሳ ላቅርብ ወይስ ልተወው እያልኩ ጓዳው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«እጄ ሞቷል» አለኝ ሳይዞር። «ዓይኔም ሞቷል። ሰው ከጠየቀሽ አባቴ አርጅቷል በያቸው።»

እንዲህ የሚናገር ሰው አልነበረም። ደንዲ ውስጥ፣ ከጊንጪ ገባ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ገብስ የሚያጠፋ ዝንጀሮ ወይም ድንች የሚቆፍር ከርከሮ ሲመጣ የሚጠራው እሱ ነበር። «እሱ ከተኮሰ ቢላህን ሳል» ይሉ ነበር እኩዮቹ። እናቴ እንኳ ስትቆጣው «ለዝንጀሮ ያለህን ዓይን ለቤትህ ብትሰጠው!» ነበር የምትለው።

እኔ አምቦ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ብቻውን ስለቀረ፣ ጦርነቱ ወደ እኛ አካባቢ ደርሶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወደ እሱ መጣሁ። ቀን ወታደሮች ይመጣሉ፤ እነሱ ሲሄዱ ጫካ ያሉት ይመጣሉ። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «እነዚያ እዚህ መጥተው ነበር?» ማን እንደገደላቸው የማይታወቅ ሰዎች ሜዳ ላይ ተገኝተዋል። ፈርቶ ሳያነሳቸው የዋለና ያደረ መንደር አለ። ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወራቤሳው ሰው ለመደ» ይላሉ። ወራቤሳ በኦሮምኛ ጅብ ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን በአማርኛ እያወራ እንኳ ጅብ የሚለውን ቃል የሚደፍር ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የወሰደው የጎረቤታችንን ልጅ ነው። ከእናቷ ጋር ከምንጭ እየተመለሱ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ። እናት ከፊት እንስራ ተሸክማ፣ ልጅቷ ከኋላ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ይዛ። እናትየዋ የልጇን ኮቴ ስታጣ ዞር አለች። መንገዱ ላይ ጀሪካኑ ብቻ ነበር፤ ውሃው ገና ይንዶቀዶቃል።

ያቺ ሴት ከዚያ በኋላ በየቀኑ እኛ ቤት ትመጣ ነበር። አታለቅስም። በር ላይ ትቆምና አባቴን ታየዋለች። ከየቤቱ ጠመንጃ ተሰብስቦ፣ ለቀበሌው ጥበቃ በሚል ተመዝግቦ የቀረው የአባቴ ምንሽር ብቻ ነበር። መርዝ ተሞክሮ የሞቱት ውሾቻችን ናቸው። ጉድጓድ ተቆፍሮ የገባበት የሰው ላም ነው። ስለዚህ ተስፋዋ ሁሉ እዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ብረት ነበር።

አባቴ ሁለቴ አገኘው፤ ሁለቴም ሳተው። ያውም እሱ በልጅነቱ እንኳ በማይስተው ርቀት። በሁለተኛው ተኩስ ወታደሮቹ ድምፁን ሰምተው መጡ። ነገሩን ብናስረዳቸውም አለቃቸው ጣቱን ቀስሮ «አባት፣ እዚህ መንደር ሌላ ተኩስ ከሰማሁ መጠየቅ የለም» አለው። ጫካ ያሉትም በበኩላቸው «ለማን ነው ምልክት የምትሰጠው?» ብለው መልእክት ላኩበት። ከዚያ በኋላ ለአባቴ የቀረው አንድ ተኩስ ነበር፤ ብዙ ጥይት ቢኖረውም ከሚቀጥለው ተኩስ በኋላ ስለሚይዙት የሚተኩሰው አንዴ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ምሳውን ሳይበላ ሲተኛ ጠመንጃውን አነሳሁት። ምን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። ብቻ እሱ እጄ ሞቷል ሲል እውነት እንዳይሆን ስለፈለግሁ ይመስለኛል። እሱ ሲያደርግ እያየሁ ስላደግሁ መቀርቀሪያውን መዘዝኩና በኋላ በኩል በቧንቧው ውስጥ ወደ በሩ ብርሃን አየሁ። የሚያብረቀርቅ መሰለኝ። አባቴ ጠመንጃውን በላምባና በዘይት ጨርቅ ሳይወለውል የሚያድር ሰው አይደለም። ጠጋ ብዬ፣ አፈሙዙን ወደ ብርሃኑ ትንሽ ሳዘነብለው ግን ውስጡ ያለው ብልጭታ የብረት አልነበረም። ቀላ ያለ ነው። ጥይቱን የሚያሽከረክሩት ጠምዛዛ ቦዮች በቀይ ነገር ተሞልተው ጠርዛቸው ጠፍቷል።

መዳብ ነበር። የጥይቱ አረር የመዳብ ልባስ አለው። በተተኮሰ ቁጥር ከዚያ ልባስ ትንሽ ትንሽ ይቀራል፤ ላምባና ዘይት ደግሞ ጥላሸቱን እንጂ መዳቡን አይነኩትም። የዓመታት መዳብ ተጋግሮበት ነበር።

ቀሰቀስኩት። «አባ፣ ተነስ! ዓይንህ አይደለም። ጠመንጃህ ነው።»

አየኝ። «ጠመንጃዬ ምን ሆነ?»

«ውስጡ ተደፍኗል። መዳብ ይዞታል።»

«እኔ ነኝ የምወለውለው» አለ፤ ተከፋ። ቀጥሎ ግን ተነስቶ ተቀመጠ። ጠመንጃውን ተቀብሎ ወደ በሩ ይዞት ሄደና ረጅም ጊዜ በውስጡ ተመለከተ። አየው አላየው አላውቅም። «እና ይለቃል?» አለኝ፤ ልጅ ሐኪምን እንደሚጠይቅ።

ይለቃል አልኩት። እንዴት እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም።

እሱ ደቃቅ አሸዋ በዘይት ለውሶ ሊፈትገው ፈለገ። ብረቱን ይጭረዋል ብዬ ከለከልኩት። ሌላ ጎረቤት ደግሞ የአምቦ ፍል ውሃ የማይፈውሰው የለም፣ ከዚያ አስመጡለት አለ። እኔ ከቤት ባለው ጀመርኩ፤ ሎሚ ጨምቄ በጨርቅ አሸሁት። መዳቡ ንቅንቅ አላለም፤ በማግስቱ ግን አፈሙዙ ዝገት አውጥቶ አገኘሁት። አባቴ ዝገቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰውና ጨርቅና ዘይት አመጣ። እኔ ወደ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ያንን ብረት የበለጠ እያበላሸሁት እንደሆነ ገባኝ።

የሚያስፈልገኝ አሞኒያ ነበር። ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ አሳያቸው ነበር፤ የመዳብ ሽቦ አሞኒያ ውስጥ ሲቆይ መዳቡ እየሟሟ ውሃው እንደ ማታ ሰማይ ሰማያዊ ይሆናል። መንገዱ ለሁለት ቀን ተከፈተ ሲባል በሚኒባስ አምቦ ሄድኩ። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ከላብራቶሪው የቀረውን በትንሽ ጠርሙስ ቀድታ ሰጠችኝ። ለምን እንደሆነ ስነግራት ደነገጠች፤ «ኬላ ላይ ቢይዙሽስ?» አለች። እኔ ያንን አላሰብኩትም ነበር።

ኬላው ላይ ሁላችንንም አስወረዱን። ልጅ እግር ወታደር ቦርሳዬን ከፍቶ ጠርሙሱን አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የላብራቶሪ ነው። አስተማሪ ነኝ።» መታወቂያዬን ሰጠሁት።

«ትምህርት ቤት ተዘግቶ የለም እንዴ? ወደ ገጠር ምን ልታስተምሪበት ነው?»

ለጠመንጃ ነው ብል እዚያው እንደምቀር አውቃለሁ። «ለልብስ ነው፤ እድፍ ያስለቅቃል» አልኩ። እሱ ግን ክዳኑን ከፍቶ አፍንጫውን አስጠጋ። ሽታው መታውና ዓይኑን ይዞ ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ጓደኛው ጠመንጃውን ወደ ደረቴ አዞረ። ተሳፋሪው ሁሉ ከአጠገቤ ሸሸ፤ ባዶ መሬት መካከል ብቻዬን ቀረሁ። «ማሎ፣ ማሎ! አስተማሪ ናት፣ የኛ ልጅ ናት!» ብላ የለመነችልኝ አንዲት ቅቤ ሻጭ ብቻ ነበረች።

«ድፊው» አለኝ ወታደሩ፣ እንባው እየወረደ። «እዚሁ ድፊው።»

በገዛ እጄ አስፋልቱ ላይ ደፋሁት። እስከ መንደሬ ስሄድ ጣቶቼ ይሸቱ ነበር። ቤት ስደርስ አባቴ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። እጄን እንጂ ፊቴን አላየም። ባዶ መሆኑን ሲያይ «ደህና ገብተሽልኛል፣ እሱ ይበቃል» አለኝ።

አልበቃም። በማግስቱ ጠዋት ጅቡ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንድ አዛውንት ላይ ወጣ። ሰው ጮሆ ሲደርስ ለቋቸው ሄደ፤ ግማሽ ፊታቸው ግን አልነበረም። በቃሬዛ ተሸክመን ዋናው መንገድ ድረስ ወሰድናቸው። መንገዱ እንደገና ተዘግቶ ነበር። ጥላ ስር አስቀምጠን መኪና ስንጠብቅ አረፉ። አባቴ ከቃሬዛው ዘንግ ላይ እጁን አላነሳም። «አብሮ አደጌ ነው» አለ። «እኔ ጨርቅ ስጎትት እሱ ሞተ።»

ያን ቀን ነው ተስፋ መቁረጥ ራሱ መላ ያሳየኝ። ከቤታችን ጥግ ለጤፉ የተቀመጠ ዩሪያ ነበረን፤ ገበሬው ነጩ ማዳበሪያ የሚለው። በዚያ ዓመት ማዳበሪያ ማግኘት በበጋ ዝናብ እንደማግኘት ነበር። ዩሪያ በአመድ ውሃ ከተቀቀለ ግን አሞኒያ ይወጣዋል። ለአባቴ ስነግረው ከከረጢቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ስንት ትፈልጊያለሽ?»

«ብዙ፤ ደጋግሜ ነው የማደርገው።»

«ጤፉ ይቅርብን» አለና ከረጢቱን ፈታው።

አመድ ዘፍዝፌ አጠለልኩ። አሮጌ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ዩሪያውንና የአመዱን ውሃ ጨምሬ ክዳኑን በሊጥ ለሰንኩት። ከአፉ ላይ፣ እናቴ ስትታመም ግሉኮስ የተሰጠችበትን ቱቦ አጥቤ አሰርኩበት። የቱቦውን ጫፍ ቀዝቃዛ ውሃ ወዳለበት ጠርሙስ አወረድኩ። ጓሮ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት፣ እሳቱን ለኮስን። ቱቦው መጀመሪያ ዝም አለ። በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ መውጣት ጀመረ፤ ሽታውም መጣ። አባቴ አፍንጫውን በጋቢው ይዞ «የሞተ ፈረስ ነው የቀቀልሽው?» አለ። ልጅቷ ከተወሰደች ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ጨርቅ ነክረን በመወልወያው ዘንግ አስገባንና በቧንቧው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ጎተትነው። ጨርቁ ሲወጣ ጥቁር ነበር። ሁለተኛውም ጥቁር ነበር። ሦስተኛውን ትንሽ አቆይተን አወጣነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ሰማያዊ ነበር።

አባቴ ጨርቁን ከእጄ ተቀብሎ ዘረጋው። «ሰማያዊ!» አለ። «ይሄ ብረት ደም ነበረው እንዴ?»

«መዳቡ ነው፣ አባ። እየለቀቀ ነው።»

ጨርቁን ይዞ ተቀመጠ። «እንግዲያ ዓይኔ አይደለም» አለ። «እጄም አይደለም።»

ግን እልኸኛ ነበር። የላይ የላዩ ለቀቀ፤ ሥሩ አልለቅም አለ። አሞኒያው ውስጡ ብዙ እንዲቆይ አልፈልግም፤ ብረቱንም ይበላዋል። ስለዚህ ነክረን እንጎትታለን፣ በፈላ ውሃ እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ ዘይት እንቀባለን፤ በማግስቱ ዘይቱን ጠርገን እንደገና። መዳፋችን ተሰነጣጠቀ። ጨርቁ ሲያልቅብን የእናቴን አሮጌ ቀሚስ ቀደድን፤ አባቴ ራሱ ነው ከሣጥን ያወጣው። ጎረቤታችን በር ላይ መቆሟን አልተወችም። አንድ ቀን ግን ገብታ ከአጠገቤ ቁጭ አለችና ጨርቁን በየልኩ መቅደድ ጀመረች። ሁልጊዜ የሚወጣውን ቀለም ትጠብቃለች። ሰማያዊው እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ነጭ ጨርቅ ነጭ ሆኖ ወጣ። በቧንቧው ውስጥ ሳይ ጠምዛዛዎቹ ቦዮች እንደ አዲስ ተስለው፣ ጥርት ብለው ወደ ብርሃኑ ይዞሩ ነበር።

ሞክሮ ማየት አይቻልም። ያለን አንድ ተኩስ ነው።

አባቴ የሞተች አህያ ከምንጩ በላይ ካለው ባህር ዛፍ ሥር አስጎተተ። ሳይነጋ አብሬው ሄድኩ፤ እሱ አትምጪ አላለኝም። ቋጥኝ ላይ በሆዱ ተኛ፤ እኔ ከጎኑ። ጎህ ሲቀድ ጅቡ መጣ። ብቻውን ነበር። አባቴ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ቆየ። አልተኮሰም። ከዚያ በሹክሹክታ «ኢንተላ ኮ» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፤ በኦሮምኛ የሚጠራኝ ሲጨንቀው ብቻ ነው። «ራሱ የቱ ጋ ነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። መዳቡ እውነት ነበር፤ ዓይኑም እውነት ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንዳሳተው ዛሬም አላውቅም።

«ወደ ቀኝ» አልኩት፣ ጆሮውን በከንፈሬ እየነካሁ። «ከአህያዋ ሆድ በላይ። አሁን ቀና ብሏል። አሁን!»

ተኮሰ። ጅቡ ባለበት ወደቀ።

ሰው ከየቤቱ ወጣ። ጎረቤታችን ሰዉን ገፍታ መጥታ ጅቡ አጠገብ ቆመች። አሮጌ ነበር። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ አንዱ የኋላ እግሩ ድሮ ተሰብሮ ጠሞ የዳነ ነው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ ነው?» አለች። «ይሄ ከሲታ?»

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮሃ አለቀሰች።

ረፋዱ ላይ ወታደሮቹ ደረሱ። የተገደለውን ጅብ አሳየናቸው። አለቃው ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጠመንጃውን ተቀብሎ መቀርቀሪያውን መዘዘና ወደ ሰማይ አቅንቶ በውስጡ ተመለከተ። ብዙ ተመለከተ።

«ይሄ የገበሬ ጠመንጃ ነው?» አለ። «የገበሬ ጠመንጃ አውቃለሁ፤ ሸረሪት ነው የሚያድርበት። ይሄ ለአንድ ነገር የተሰናዳ ነው።»

«ለእሱ ነው የተሰናዳው» አለ አባቴ፣ ወደ ጅቡ እያመለከተ።

«ማን ነው ያጸዳልህ? ጫካ ያሉት ናቸው?»

«እኔ ነኝ ያጸዳሁት» አልኩ። «የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። መዳብ ይዞት ነበር...» ስለ አሞኒያ፣ ስለ ዩሪያ፣ ስለ ማንቆርቆሪያው ነገርኩት። በተናገርኩ ቁጥር ነገሩ እየከፋ እንደሄደ ከፊቱ አየሁ። በመጨረሻ «ማንቆርቆሪያውንም አምጡ» አለ።

ሁለታችንንም ወሰዱን። እኔን አመሻሹ ላይ ለቀቁኝ፤ አባቴን አስቀሩት። በየቀኑ ስንቅ ይዤ እሄዳለሁ፤ አንዳንዴ ያስገቡልኛል፣ አንዳንዴ ይመልሱኛል። ሽማግሌዎች ሄደው ተመለሱ። ቀበሌው መዝገቡን አሳየ፤ መዝገቡ ጠመንጃው የእሱ መሆኑን እንጂ ለምን እንደጠራ አይናገርም። በልቤ ያንን ዩሪያ የረገምኩበት ቀን ብዙ ነው። ቆሽሾ ቢሆን ኖሮ አባቴ ቤቱ ይሆን ነበር እላለሁ። ደግሞ ያቺ ጎረቤታችን በር ላይ ስትቆም አስባለሁና እርግማኔን እመልሳለሁ።

ያስለቀቀችው እሷ ናት። አንድ ጠዋት የመንደሩን ሴቶች ሰብስባ፣ ባለትዳር የኦሮሞ ሴት የምትይዘውን፣ ያዢዋን ገፍቶ መመለስ ነውር የሆነበትን ሲንቄ ዱላ በአንድ እጃቸው፣ እርጥብ ሰርዶ በሌላው ይዘው ካምፑ በር ድረስ በእግራቸው ሄዱ። እኔም ከኋላቸው ነበርኩ። አልጮኹም። በሩ ላይ ቆመው ሰርዶውን ዘረጉ። አለቃው ወጥቶ «ምን ፈለጋችሁ?» ሲል እሷ ብቻ ተናገረች።

«ልጄን የበላውን ስለገደለ ነው ያሰርከው። እሱ ጥፋተኛ ከሆነ እኔም ጨርቅ ቀድጄለታለሁ። እኔንም እሰረኝ።»

እዚያው ዋሉ። ፀሐይ ከረረባቸው፤ ማንም አልተቀመጠም። ከወታደሮቹ አንዱ፣ የእኛ አገር ልጅ ይመስለኛል፣ ሲንቄውን ሲያይ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ወደ ማምሻው አባቴን አወጡት። ጢሙ አድጎ፣ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ። ምንሽሩ አልተመለሰም፤ እሱም አልጠየቀም።

ሲመጣ ለብዙ ቀን ከመደቡ አልተነሳም። ጤፋችን ያለ ዩሪያ ቀጭኖ ወጣ። እኔ ትምህርት ቤት ሲከፈት ወደ አምቦ ለመመለስ ሳስብ፣ ማን ያየዋል ብዬ ተጨነቅሁ።

አንድ ማለዳ ስነሳ መደቡ ባዶ ነው። ደንግጬ ወጣሁ። ቁልቁል ወደ ምንጩ በሚወስደው መንገድ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው በሰልፍ ይሄዳሉ፤ ጎረቤታችንም አለች። ከሁሉም ኋላ፣ ያቺ ልጅ የነበረችበት ቦታ ላይ፣ አባቴ ዱላውን ይዞ ይከተላል። ሮጬ ደረስኩበት።

«አባ፣ ሌላ ጅብ ቢመጣ በዱላ ምን ልታደርገው ነው? ዓይንህም...»

«አውቃለሁ፣ ዓይኔ አያይም» አለኝ ሳይቆም። «ከኋላ የሚሄደውን ነው የሚወስደው። እኔ ከኋላ ልሂድ።»

ጎን ለጎኑ ሄድኩ። ሴቶቹ ምንጩ ጋ ሲደርሱ፣ እሱ ፊቱን ወደ ባህር ዛፉ አዙሮ ቆመ።